ውል

መሳቢያዬ ሙሉ ልቃቂት ነው፤
ክር የለውም፣ ወረቀት ነው።
በሽተኞቼ በእስክሪብቶ የሳሉት
ከመሐል ተነሥቶ እየዞረ የሚሰፋ መስመር፤
የአንዱ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆራረጠ፣
የአንዱ ገና በሁለተኛው ዙር ወደ ራሱ ሸሽቶ የደቀቀ።
ውሉ የት ላይ እንደጠፋ መፈለግ ነው ሥራዬ።

ጥቁር አንበሳ ሳለሁ
ዶክተር ምሕረተአብ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
"መዶሻሽን አስቀምጪ" ይለኝ ነበር፣
"ከበሩ ጀምረሽ እዪ።
ሰው ስሙን ሳይነግርሽ አረማመዱ ይነግርሻል።
የትኛው እጁ ነው የማይወዛወዘው?
ለመዞር ስንት እርምጃ ፈጀበት?
ተቀምጦ የሚንቀጠቀጥ ሌላ፣ ብርጭቆ ሲያነሣ የሚንቀጠቀጥ ሌላ፤
ሁሉንም 'ብርድ ነው' የምትል እናቴ ብቻ ናት።"
እንስቅ ነበር፣
ከጠዋት ጀምረን ቆመን፣
የኛም እጅ በርሃብ እየተንቀጠቀጠ።

ባንጋሎር፣ አንድ ዓመት ከመንፈቅ።
የራስ ቅሉ ተበስቶ፣ ነቅቶ ከሚያወራን ሰው
ሽቦዋ በሚሊሜትር በሚሊሜትር ስትወርድ
ከማጉያው የሕዋስ ድምፅ ሰማሁ፤
ቆርቆሮ ላይ የሚያካፋ ዝናብ ይመስላል።
"እዚህ ጋ" አልኩ። ኤሌክትሪኩ ተለቀቀ።
እጁ ጸጥ አለ፣
ስድስት ዓመት ያልተኛ ሕፃን እንዳሸለበ።
እሱ አለቀሰ።
እኔ ቁጥሩን መዘገብኩ።

ከዚያ ኩዌት።
የሁለት ዓመት ውል፣ የሚታደስ፤
ሳልሚያ ላይ፣ ባሕሩ በከፊል የሚታይ ክፍል፣
አቧራ በተነሣ ቀን ጨርሶ የማይታይ።

ቡ ሙሳኢድን የላከልኝ ባንኩ ነው ማለት ይቻላል።
አርባ ዓመት የፈረመው ስሙ
ከወር ወር እያነሰ፣ እያነሰ፣ የጉንዳን ዱካ አክሎ፣
"ይህ ያንተ ፊርማ አይደለም" ብለው ቼኩን መለሱበት።
ሰው ለንጉሥ እጅ ይነሳል፤
ይህ ደዌ ንጉሡንም እጅ ይነሳል።

ከኋላው ቦርሳ ይዛ የምትቆም ልጅ ነበረች፣
ጦይባ፣ የከሚሴ ልጅ።
ወንበር ባሳያት "ደኅና ነኝ" አለች በአረብኛ፤
በአረብኛ መለስኩላት።
ሦስት ቀጠሮ ሙሉ ሁለታችንም
አማርኛችንን እንደ ፓስፖርት ቆልፈንበት ከረምን።

መድኃኒቱን ጨመርኩ፣ ሰዓቱን አቀራረብኩ፤
እግሩ ግን በር ሲያይ ወለሉ ላይ ይጣበቃል፣
ልቡ አልፎ ሄዶ እግሩ ይቀራል።
በአራተኛው ቀጠሮ ደጄ ላይ እንዲሁ ደረቀ።
ጦይባ ቦርሳውን አስቀመጠች፤
ከኪሷ ቀይ ፕላስተር አውጥታ፣
በጥርሷ እየቀደደች፣
ሴራሚኩ ላይ በየሁለት ስንዝሩ ለጠፈች።
ቡ ሙሳኢድ ቁልቁል አየ።
መስመሩን ተሻገረ። ቀጣዩንም።
ቦይ እንደሚሻገር ገበሬ እስከ ጠረጴዛዬ መጣ።

"ማን አስተማረሽ?" አልኳት በአማርኛ፣ አምልጦኝ።
"ማንም" አለች። "ደረጃ ላይ ቆሞ አያውቅም፤
የሚቸግረው ሜዳው ነው።
እና ሜዳውን ደረጃ አደረግሁለት።"

ይህ መጽሐፌ ውስጥ ነበር። ገጹንም አውቀዋለሁ።
ሌሊት ኮሪደር ላይ ተንበርክካ ያገኘችው ግን
መጽሐፉን አላየችም።

በኅዳር፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ ቪዲዮውን አሳየሁ፤
ከጉልበት በታች የሚራመድ እግር፣ ቀይ መስመር።
አጨበጨቡ።
ስላይዱ ላይ "ተንከባካቢዋ" የሚል ነበር እንጂ ስም አልነበረም።
የታካሚ ምስጢር ነው አልኩ ለራሴ፤
ታካሚዋ እሷ አልነበረችማ።

የሷ ውል በመጋቢት አለቀ።
መሄዷን የሰማሁት ሌላ ልጅ ቦርሳውን ይዛ ስትገባ ነው።
የቤታቸውን ፕላስተር ቆሻሻ መስሏት
በቢላ ፍቃ አነሣችው አሉኝ።

ዛሬ የኔም ውል ለእድሳት ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቷል።
ቡ ሙሳኢድ ደጄ ላይ ቆሟል፣
ዓይኑ ወዲህ፣ እግሩ ወዲያ።
እስክሪብቶዬን ጣልኩ፤
ነጭ ጋውኔን ሰብስቤ ተንበረከክሁ።
ፕላስተሩ በጣት አልቀደድ አለኝ፤ በጥርሴ ቀደድኩት።
ላየኝ ሰው ወለል የምጠርግ እመስላለሁ፤
እኔ ግን ለጦይባ እጅ እየነሳሁ ነበር።

አንድ አልኩ።
ተሻገረ።